ሦስት መንግሥት ያስታጠቀው አማች

ሰው አገር ሲቀይር መጀመሪያ የሚቸገረው በቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቋንቋ ይለመዳል፤ ባይለመድም በእጅ ይወራል። የሚያስቸግረው አንዱ አገር የሚያስከብረው ነገር ሌላው አገር ሲያሳፍር ነው። አንዱ የሚገልጠውን ሌላው ይሸፍናል። ለምሳሌ ጠመንጃ።

ጠመንጃ ስል አትደንግጡ። እኔ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ስዊድን አገር ስፖንጋ በምትባል ሰፈር የምኖር፣ እሑድ እሑድ ሱንድቢበሪ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራን ኋለኛው ረድፍ የምቆም የውሃ ቧንቧ መሐንዲስ ነኝ። ታዲያ ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኘህ ትሉኝ ይሆናል። ያገናኘኝ ምሳ ነው። መከር ሲገባ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በሙሉ ኤልግ የሚሉትን፣ በበቅሎ ቁመት ላይ የአጋዘን ቀንድ የተተከለበትን አውሬ ለማደን ጫካ ይገባሉ። ሲመለሱም እስከ ገና ድረስ ሌላ ወሬ የላቸውም። ምሳ ላይ እንደ ዲዳ መቀመጥ ሲሰለቸኝ ኮርስ ወሰድኩ፣ ተፈተንኩ፣ ጠመንጃ ገዛሁ።

ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ጠመንጃ ከመግዛት ሚስት ማግባት ይቀላል፤ ሁለቱንም ስላደረግሁ እመኑኝ። ፖሊስ ፈቃድ ይሰጣል። ከግድግዳ ጋር የታሰረ የብረት ቁም ሳጥን ያስፈልጋል። መንገድ ሲወጣ ጠመንጃው በከረጢት ይሸፈናል፣ ጥይት የሚያጎርሰው ብረት ተነቅሎ ለብቻው ይያዛል። ድንበር መሻገር ካማራችሁ ደግሞ የዚያኛውን አገር ፈቃድ መለመን ነው፤ ነዋሪ አይደላችሁማ። ይህን የፈቃድ ወረቀት እዚህ ያለን አበሾች በአገሬው ቃል ቲልስቶንድ እንለዋለን። እኔ የስዊድን፣ የኖርዌይና የፊንላንድ ቲልስቶንድ ነበረኝ። ፊንላንድ የጋበዘኝ ሰው ወገቡን ታሞ ጉዞው ቀረ እንጂ ወረቀቱስ አለ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል አይደል የሚባለው?

ያን ዓመት አማቴ ባላምባራስ ወልዴ ሊጠይቁን ከመንዝ መጡ። ባላምባራስ በእኔ ላይ ሁለት ቅሬታ ነበራቸው፤ አንደኛ ጴንጤ ነኝ፣ ሁለተኛ፣ መግዛቴን ስላልሰሙ፣ ጠመንጃ የለኝም። ጴንጤነቱን ለእግዜር ትተውታል። ጠመንጃ የሌለው ወንድ ግን ልጃቸውን ማግባቱ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ስሜን ጠርተው አያውቁም። ለባለቤቴ ለአስቴር ሲያወሩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እንኳ «ባልሽ በልቷል?» ነበር የሚሉት።

እኔም ቀኔ ደረሰ ብዬ የብረት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። ጠመንጃውን አዩና ፊታቸው በራ። ከዚያ ቁልፉን፣ ብሎኑንና ግድግዳውን አዩ። ምን አጥፍቶ ታሰረ ብለው ጠየቁኝ። ሦስቱን ቲልስቶንድ ዘረጋሁላቸው። ወረቀቶቹን አገላብጠው መለሱልኝና ወንድ ልጅ ጠመንጃ የሚይዘው ተለማምጦ ነው ወይ አሉ። የባሰ ወረድኩ።

በዚያው ሰሞን ስቬን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ኖርዌይ ድንበር ማዶ ካለው ጎጆው ለአደን ጋበዘኝ። ባላምባራስንም ይዤ ተነሣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማድነው ኤልግ አልነበረም፤ ከአፋቸው «ልጄ» የምትል ቃል ነበር የማድነው። ከረጢቱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሳስገባ ግን ቆመው አዩኝ።

«የተሸፈነ ጠመንጃ የሽፍታ ነው» አሉ።

ሕጉ ነው አባባ፣ አልኳቸው። ስዊድንን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥናት።

ድንበሩ ላይ ቱል የምንለው የጉምሩክ ኬላ አለ። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ሽማግሌው እንዳይበርዳቸው መኪናውን እንደበራ ትቼ ወረቀቶቼን ይዤ ገባሁ። የተነቀለው ብረት ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። የጉምሩኳ ሹም ወረቀቱን አየች፣ ደስ አላት፣ ማኅተሟን አነሣች። ከዚያ ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ አልፎ እዚያው ቀረ።

ዞር ስል ባላምባራስ ናቸው። ጋቢያቸውን ካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ ጠመንጃዬን አፈ ሙዙን ወደ ላይ አድርገው በትከሻቸው አንግተው፣ አንድ እርምጃ ከኋላዬ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆመዋል።

ከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ወደ መንግሥት ግቢ ሲሄድ ጠመንጃውን አሽከሩ ተሸክሞ ከኋላው ይቆማል። ባዶ እጁን የገባ ሰው ማን ይሰማዋል? እናም ባላምባራስ፣ ያ ሁሉ ማዕረግና ሽበት እያላቸው፣ አማቴ ሳይሆኑ አሽከሬ ሆነው ነበር የገቡት። በባዕድ ፊት እንዳልናቅ ብለው ነው። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ እስር ቤት ብቻ ነበር።

መሐንዲስ ሲደነግጥ መፍትሔ ይፈልጋል። ጠመንጃው እንደማይተኩስ ላሳይ ብዬ እጄን ኪሴ ከትቼ ያንን ብረት መዥረጥ አደረግሁት። ሹሟ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ከጠረጴዛው ሥር እስክትወጣ፣ ሁለት ባልደረቦቿ እስኪመጡ፣ እኔም የመንዝን ባህል በስዊድንኛ ለኖርዌጅያን እስካስረዳ ድረስ ስቬን ጎጆው ላይ የቀቀለው ሾርባ ሳይቀዘቅዝ አልቀረም። እግዜር ይስጣት፣ ሴትዮዋ በመጨረሻ ሳቀች። ሆኖም ፈቃዱ የተሰጠው ለእኔ ነው፣ ጠመንጃ ተሸካሚ የሚል ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ጠመንጃው እስክትመለሱ እዚህ ይቆይ፣ እናንተ እለፉ አለች።

መኪና ውስጥ ገብተን ነዳሁ። አለቀልኝ አልኩ። ጠመንጃ የሌለው አማች መሆን አንድ ነገር ነው፤ ዓይናቸው እያየ ጠመንጃውን የተቀማ አማች መሆን ግን ምን ይባላል? ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ባላምባራስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«መንግሥት ያልፈራውን ሰው ትጥቅ አያስፈታም፣ ልጄ» አሉ። ቆየት ብለውም «እኔንም አስፈትተውኛል» አሉኝ።

ለካስ መንግሥት ሲለወጥ ጠመንጃቸውን አስረክበዋል። ለአስቴር እንኳ አልነገሯትም። እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረው ለደረሰበት ሰው ብቻ ነው አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ መንገዱን በደንብ አላየሁትም። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው። የኔ ጠመንጃስ ስንመለስ ይሰጠኛል ብዬ ላጽናናቸው ስል ግን ቆጣ አሉ።

«አይመልሱልህም። የሚመልሱት ለናቁት ነው።»

ስቬንም ለእኛ ሲል ጠመንጃውን ጎጆው ትቶ ሦስታችንም በባዶ እጃችን ጫካ ለጫካ ዞርን። አንድ ግዙፍ ኤልግ መጥቶ አየንና ቅጠሉን እየበላ ሄደ። እንዲህ ደስ ያለኝ አደን የለም።

ባላምባራስ በተከተለው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጴንጤ ቤት ገቡ። ከአምልኮ በኋላ ምእመናን ዳቦና ሻይ ሲይዙ መሐል ቆመው የኖርዌይ መንግሥት የሚፈራው አማች እንዳላቸው አበሠሩ። ፓስተራችን ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ወሰደኝና ከኖርዌይ ጋር ያለኝን ጠብ በጸሎት እንድናነሣው ጠየቀኝ። እምቢ ለማለት አልደፈርኩም። ተጸለየልኝ።

አሁን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ስንመለስ ባላምባራስ ኋላ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሹሟ ጠመንጃዬን በክብር መለሰችልኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ካለው የበረዶ መንሸራተቻዬ ሥር ደበቅሁት። ስፖንጋ ደርሰን እሳቸው ሻይ እስኪጠጡ ጠብቄ፣ በጓሮ በር፣ በእግር ጣቴ እየረገጥኩ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩበት። ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ ባጠገቡ ባለፉ ቁጥር «ባዶውን ምን ያስቆልፈዋል?» ይሉ ነበር፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሦስት መንግሥት በግልጽ ይዘህ ግባ ያለኝን ጠመንጃ በኮንትሮባንድ ያስገባሁት የገዛ ቤቴ ብቻ ነው።