ሁለቴ ሳትለካ የማታምን ልጅ

እናንተ ቤት የተነገረውን የማያምን ሰው አለ? እኛ ሰፈር፣ ሽኩና ዳሌት፣ አንዲት አለች፤ ልጄ ኦርሊ። ወጡ ጨው በዝቶበታል ብላት ሳትቀምስ አትቀበለኝም።

ሰሞኑን ከትምህርት ቤት የፊዚክስ ሥራ ይዛ መጣች። ክር ላይ ክብደት አንጠልጥሎ እያወዛወዙ የመሬት ስበትን ቀመር መፈተን ነው። ሜትሬን አዋስኳት። ክሩን ለካች፣ አወዛወዘች፣ አሰላች። መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሲል የእሷ አስር ወጣ።

"የመጽሐፉን ጻፊና ተገላገይ" አልኳት።

"ሎ፣ አባ!" አለች፤ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ። እምቢ ማለቷ ነው።

ከዚያስ? ከሦስተኛ ፎቅ መስኮታችን ድንች እየጣለች አወዳደቁን በስልኳ ቀረጸች። የመስኮቱን ከፍታ የለካችው ግን ክር ወደ ታች አውርዳ በራሷ ማስመሪያ ነው። ጎረቤታችን እማማ ጥሩ፣ መንገደኛ እንዳይመታ፣ ታች ጃንጥላ ዘርግተው እንደ ወታደር ዘብ ቆሙ። ውጤቱ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሆነ!

ኦርሊ ሜትሬን ከማስመሪያዋ ጎን ዘረጋችው። ለካ ጫፉ ተሰብሮ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጎድሎታል፤ የለካውን ሁሉ በዚያው ልክ አርዝሞ ያሳያል። እኔ መች አይቼው!

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የመኝታ ቤቱን ጥግ በዚሁ ሜትር ለክቼ፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ላለ አናጢ መደርደሪያ አዝዤ ነበር። መደርደሪያው ሁለት ሳንቲ ሜትር በልጦ ጥጉ ውስጥ አልገባ ስላለ፣ ይኸው ስንት ዓመት ኮሪደር ላይ ቆሟል። እኔም በሱ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አናጢውን ስረግም ኖሬያለሁ።

ኦርሊ መደርደሪያውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

"አባ፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቀው።"

ለዚህ አማርኛው አልጠፋትም።