ሰባት ጊዜ ስምንትን ያወቀችው ልጅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በመምህራን ስብሰባ መሐል እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ የጉድ ሕልም አየሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩበት የልዩ ተሰጥኦ ክፍል ይዘጋ አይዘጋ የሚወሰነው በዚያ ስብሰባ ነበር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት "ለጎበዝ ልጅ ምን ልዩ ክፍል ያስፈልገዋል?" ያላለኝ የለም። አንጀቴ እያረረ መልሻለሁ። ትናንትም ልመልስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ግን ሪፖርት ማንበብ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት አልፏቸው ነበር።

በሕልሜ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የልጆቹን ኪስ ይፈትሻል።

"ጥያቄ የያዘ አለ?" ይላል።

አንዱ ልጅ ካልሲው ውስጥ "ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ" የምትል ጥያቄ ተገኘችበትና ወደ ቤቱ ተባረረ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ዘበኛው ሳይፈትሸኝ "አንቺ መምህርት ነሽ፣ ምንም አይኖርሽም፣ ግቢ" አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን ገባሁ።

ክፍል ውስጥ ፈተና ነበር። የመለሰ ይንበረከካል፣ ያልመለሰ ይጨበጨብለታል። ግድግዳው ሥር ተንበርክካ ያገኘኋት ትርሲትን ነው። ትርሲት በእውኑም ተማሪዬ ናት። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ የማሰላውን እሷ ቆማ ትጨርሰዋለች።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አልኳት።

"ሰባት ጊዜ ስምንትን አውቄ። አላውቅም በይ ብለውኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ፣ ቲቸር።"

ወዲያው ሁለታችንም ሜዳ ላይ ተገኘን። የሩጫ ውድድር ነው፤ ዳኛዋ ኤሊ ናት። ፈጣኑ ሯጭ እንዳይቀድም አምስት ዘገምተኞች ጀርባው ላይ ተጭነውበታል። አምስቱም ያንኮራፋሉ።

"ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?" አልኳት ኤሊዋን።

"እኩልነት ነው። ማንም አልቀደመ፣ ማንም አላዘነም።"

"እሱ እያለቀሰ አይደል እንዴ?"

"እሱማ አንድ ሰው ነው" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ልሰድባት ስል ሜዳው አዳራሽ ሆነ። ትርሲት ኮሚቴ ፊት ቆማለች፤ ኮሚቴው ሦስት ባዶ ወንበር ነው። የመሐለኛው ወንበር ጉሮሮውን ጠራርጎ ውሳኔ አነበበ።

"ይህች ልጅ የምታውቀውን ሁሉ እስክትረሳ ድረስ ከሰባ ሁለት ልጆች ጋር ተጨናንቃ ትቀመጥ።"

ትርሲት ዞራ አየችኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። "ልጅቷን ልታደነቁሯት ነው ወይ?" ልል አፌን ስከፍት ወንበሩ ቀደመኝ።

"እጁን ያላወጣ አይናገርም።"

እጄን አወጣሁ። አላየኝም። ከፍ አደረግኩት። በእግሬ ጣቶች ቆሜ፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል ድረስ ዘረጋሁት።

"እናመሰግናለን" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ርእሰ መምህሩ የወጣ እጅ እየቆጠሩ ነበር። የእኔ እጅ ከሁሉም በላይ ተዘርግቷል።

"ልዩ ክፍሉ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" አሉ ለጸሐፊው።

"ኧረ እኔ ተኝቼ ነበር!"

"መምህርት አስካለ፣ ሁላችንም ተኝተን ነበር" አሉኝ ቃለ ጉባኤውን እያቀበሉኝ፤ "እዚህ ጋ ይፈርሙ።"