ክቡር ዋና ኦዲተርና ሦስቱ በርሜሎች

ጠባቂ የሌለው ድንበር በዓለም ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ አንድ ጡረተኛ ያልቆመበት የጋራ ሕንፃ ግን አይገኝም።

ልብስ ሰፊው የሚኖርበት ሕንፃ ለዚህ ክብር የበቃው ማዘጋጃ ቤቱ «ቆሻሻን ከቤት እንለይ» ብሎ ሦስት በርሜሎች ያቆመ ዕለት ነው። አረንጓዴው ለምግብ ትራፊ፣ ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክና ለቆርቆሮ። ክቡር ዋና ኦዲተር (ስሙን ያወጣችላቸው የምድር ቤቷ ፀጉር ሠሪ ናት) ዕድሜያቸውን በንብረት ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም። በርጩማቸውን አውጥተው፣ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቀው ራሳቸውን ሾሙ።

ከዚያ ወዲህ ፌስታል ያንጠለጠለ ሁሉ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ከዚያ ጋር ምን ዝምድና አለው?» ሳይባል አላለፈም። አዲሶቹን ሙሽሮች ያልታጠበ የእርጎ ዕቃ አሸክመው ወደ አራተኛ ፎቅ መልሰዋቸዋል። የሐኪሙን የሳርዲን ቆርቆሮ አሽትተው፣ «ዶክተር፣ ይሄ በሽተኛ ገና አልዳነም» ብለው እጁ ላይ አኑረዋል። የገዛ ባለቤታቸው እንኳ አልተረፉም፦ «ትዳራችን ሌላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሌላ!»

ልብስ ሰፊው ግን ከሁሉም በላይ ይፈራቸው ነበር። ብጣሽ ጨርቁን ከወረቀት ሲለይ ያመሻል፣ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ገብቶ እሳቸውን ሲያማ ያረፍዳል።

የቆሻሻ መኪናው ድሮ ሌሊት ስለሚመጣ ያየው አልነበረም። ሰዓቱ ወደ ጠዋት በተቀየረበት የመጀመሪያ ቀን ኦዲተሩ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ሠራተኞቹ አረንጓዴውን ገለበጡ፤ ሰማያዊውን እዚያው ላይ፤ ቢጫውን እዚያው ላይ።

«ወንድሜ፣ ሁሉንም አንድ ላይ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«መኪናው አንድ፣ ሆዱም አንድ» አለ ሾፌሩ።

ልብስ ሰፊው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። እየሮጠ ለፀጉር ሠሪዋ ነገራት።

«እና ትነግራቸዋለህ?» አለችው።

«እንዴታ!» ሊል ነበር፤ ግን በርሜሎቹ ሳይመጡ በፊት ኦዲተሩ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ላይ ሰዓት እያለ አላፊ አግዳሚውን «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲሉ መዋላቸው ትዝ አለው።

በቀጣዩ ዙር የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ፣ ልብስ ሰፊው አሮጌ ኮት ታቅፎ ከፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ የዚህ ዚፕ ጥርሱ ብረት፣ ዳሩ ጨርቅ ነው። የት ልጣለው?»

ፊታቸው በራ። «ይሄማ ቆሞ የሚወራ አይደለም፤ ና ወዲህ!» ብለው ክንዱን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡት። የዚፑ ጉዳይ ተብራርቶ ሳያልቅ መኪናው በውጭ ሁሉንም ውጦ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ መኪናው በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ተራ ገባ፤ ፀጉር ሠሪዋ አርቲፊሻል ፀጉር አመጣች። ሐኪሙ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ወረደ። ሙሽሮቹ በመስታወት ጉዳይ እርስ በርስ የተጣሉ መስለው ዳኝነት ጠየቁ።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው፣ የመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ሲቆም የገዛ ስሙ የሚጠፋው ሰው፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሦስቱ በርሜሎች ለየብቻ እንዲነሱ ጠየቀ።

«መለየቱ የዘንድሮ ዕቅድ ነው፤ ለየብቻ ማጓጓዙ የከርሞ» አሉት ኃላፊው። «ምን አስቸኮላችሁ?»

ልብስ ሰፊው ኮፍያውን በእጁ አሸ።

«ጌታዬ» አለ፣ «ጥያቄ እያለቀብን ነው።»