ከውጭ የማይታይ ግድግዳ

ሰው በገዛ ቤቱ ጌታ ነው የሚላችሁ ቢያጋጥማችሁ እስቲ የት እንደሚያድር ጠይቁት፤ ከዘመድ ቤት ነው የሚያድረው። ቤት ያለው ሰውማ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። ቤት ያለው ሰው ዘበኛ አለበት፣ ሹም አለበት፣ ቄሰ ገበዝ አለበት፤ ሚስትማ ከሁሉም በላይ አለችበት። እነዚህ ሁሉ ሳይፈቅዱለት እንኳን ግድግዳ ሊያቆም፣ ሚስማር የሚመታ ጀግና ካለ እስቲ ልየው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። ቤት ስላችሁ ክፍል በክፍል እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ወጥ ነበረች። በሩ ላይ የስፌት መኪናዬ፣ መሀል ላይ ሱሪው እስኪጠብለት ጋቢውን ተከናንቦ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ ጥግ ላይ አልጋችን። ማድ ቤቷ ጓሮ ናት። ብርሃን የማገኘው ከበሩ ስለሆነ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከጉና የሚወርደውን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሱሪ ሳያሰፋ ከደንበኛ ሁሉ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው እዚያ ጥግ ነው። እንደ ወጉ ቢሆን ባለቤቴ የሺ ለመጀመሪያ ልጇ ስማዳ እናቷ ዘንድ መውረድ ነበረባት፤ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ አላሻግር አለ። አልጋውን በመጋረጃ ከለልነው። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ነፋሱም አብሮ ይገባል፤ መጋረጃ ነፋስ ያግዳል ወይ? ሕፃኑን ሳል ያዘው። ክርስትና ሳይነሣ ቀበርነው። እዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ የሺ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ሲደላት አንቱ፣ ስትቆጣ አንተ ነው የምትለኝ፤ ያን ቀን አንተ አለችኝ። ወይ ለአራስነቴ ነፋስ የማይገባው ክፍል ታበጃለህ፣ ወይ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ከሄድሁ ደግሞ መመለሴን እንጃ አለች። እውነቷን ነው። ደግሞስ ምን ያስቸግራል? የስፌት መኪናውን ወደ በሩ ጠጋ፣ አልጋውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ መሀሉ ላይ እንጨት አቁሞ፣ ማግሮ፣ በጭድ የቦካ ጭቃ መምረግ ነው። ጠላ አስጠመቅሁ፣ ወዳጅ ጠራሁ፣ የእንጨቱን ጉድጓድም መቆፈር ጀመርሁ።

በሩ ክፍት ነው ብያችኋለሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጥጋቡ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ አየኝና ፈቃድ አለህ ወይ አለኝ። የምን ፈቃድ፣ አልሁት፤ ጣራው ያው፣ ውጪው ያው፣ የገዛ ቤቴን ሆድ ዕቃ እኮ ነው የማስተካክለው! ጥጋቡ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱሪውን የምሰፋለትም እኔ ነኝ። ግን ዱላ የያዘ ሰው ሕግ ሲጠቅስ ድምፁ ይወፍራል። በሕግ አምላክ፣ ቁም! አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ ወዲያ ማን ይነቃነቃል? ወዳጆቼ ጠላውን ጠጥተው ተበተኑ፤ እኔም ጉድጓዱን እንደተከፈተ ትቼ፣ ነጠላዬን አደግድጌ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ።

ደጅ ጥናት የሚባለውን ትምህርት ያልቀጸለ ሰው ተማርሁ አይበል። ሹሙ ሲገቡ እጅ መንሣት፣ ሲወጡ እጅ መንሣት፣ በመሀሉ ፀሐይ መሞቅ ነው። ጉዳይህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ፊትህ መለመድ አለበት። የኔ ፊት እስኪለመድ ሰኔ አለፈ። ክረምቱን ከጥጋቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር ተጠልለን ከረምን፤ ከየሺ ጋር እንኳ ያን ያህል አብሬ ተቀምጬ አላውቅም። ቤት ስገባ ሆዷን ታሳየኛለች፤ የኔ ጉዳይ በየወሩ እየገፋ ነው፣ ያንተስ? ትለኛለች። ምን ልበላት? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኋት። ይሂድ እንጂ፣ ልጁ ሳይቀድመው አይቀርም አለችኝና ፊቷን አዞረች።

መስከረም ሲጠባ ሹሙ አስጠሩኝ። ነገሩን ስነግራቸው ግራ ገባቸው። ከውጭ የሚታይ ግድግዳ ቢሆን ደንብ አለን፣ ከውጭ የማይታይን ግድግዳ ምን ብለን እንፈቅዳለን? አሉ። ጌታዬ፣ ካልታየ ማንንም አይጎዳምና ይለፍልኝ አልሁ። ካልታየማ የባሰ ነው፣ ተደብቆ የሚሠራ ነገር መቼ ለበጎ ሆኖ ያውቃል? አሉኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከየት ይመጣል ትላላችሁ? ከወንበር ነው። ለማንኛውም ቦታው የደብሩ ስለሆነ መጀመሪያ ቄሰ ገበዙ ይፍቀዱ ብለው አሰናበቱኝ።

ቄሰ ገበዙ ቡሩክ ሰው ናቸው። መስቀል አሳልመውኝ ሲያበቁ ክፍሉ ለማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ለአራስ ነው አባቴ፣ አልኋቸው። መቼ ነው የምትወልደው? አሉ። በታኅሣሥ፣ አልሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ጣታቸውን እያጠፉ ከታኅሣሥ ወደ ኋላ ቆጠሩ፣ ቆጠሩ፣ መጋቢት ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። በሁዳዴ! አሉ። አያችሁ፣ ግድግዳ ልጠይቅ ሄጄ ጾም ፈቺ ሆኜ ተገኘሁ። ሴት አንዳንዴ አሳልፋ ትወልዳለች ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? ስግደት አዘዙብኝ። ጉልበቴ እስኪላጥ ከሰገድሁ በኋላ ፈቀዱልኝ፤ እንዲያውም አልጋ የሚለይ ግድግዳ ለነፍስም ይበጃል ብለው መረቁኝ።

በኅዳር ተመልሼ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። የቀረው ክፍሉን ማስመዝገብ ብቻ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነክሮ፣ ክፍሉ ምን ይባላል? አለኝ። የአራስ ክፍል፣ አልሁት። በደንቡ የአራስ ክፍል የሚባል የለም አለ፤ ሳሎን አለ፣ ማድ ቤት አለ፣ የእንግዳ መኝታ አለ። ከዚህ የወጣ ካልህ ጥያቄው ደብረ ታቦር ይሄዳል፣ ከደብረ ታቦር ጎንደር፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። ሰውዬው ራሱ አዘነልኝና፣ የእንግዳ መኝታ በለው፣ ዛሬውኑ ማኅተም ይመታልሃል አለኝ። የሺ ቀኗ ገብቷል። እንኳን የእንግዳ መኝታ፣ የጅብ ጉድጓድ ነው በል ቢለኝ እልለት ነበር። ማኅተሙ ጧ ሲል ሰምቼ ለጸሐፊው እጅ ነሣሁ፤ ሞኝ እኮ ነኝ።

ወዳጆቼ ግድግዳውን አቆሙት። ጭቃው ሲጠነክር የሺ መዳፏን ከጥግ ጥግ እያስጠጋች ነፋስ ፈለገች፤ አጣችው። አልጋውን ራሷ አስተካከለች፣ ለሕፃኑ የሚሆነውን ጨርቅ እራስጌ ላይ አጣጥፋ አኖረች። ያን ቀን አንቱ አለችኝ። ጠላ ሳልጠጣ ሰክሬ ዋልሁ።

ሳምንት ሳይሞላን ጥጋቡ መጣ። ከደብረ ታቦር አንድ ትልቅ መርማሪ መጥተዋል፣ በከተማው የእንግዳ መኝታ ያስመዘገብህ አንተ ብቻ ነህና አንተ ቤት ያርፋሉ አለኝ። ወይ ነዶ! ሮጬ ሹሙ እግር ላይ ወደቅሁ። ሚስቴ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው፣ ክፍሉም የሷ ነው፣ ልጅ ቀብሬያለሁ ጌታዬ፣ አልኋቸው። እሳቸውም ከልባቸው አዘኑ። አዝነው ሲያበቁ፣ እንግዳው ብዙ አይቆዩም፣ በሽልም ያውጣት ብለው ሰደዱኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ሰምታችኋል፤ የንጉሥን መርማሪም ጨምሩበት።

የሺ እንድትቆጣኝ፣ አንተ እንድትለኝ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን ያጣጠፈችውን ጨርቅ ብብቷ ሥር አድርጋ ማድ ቤት ገባች። ማድ ቤቷን እንዴት ልንገራችሁ? ጭሱ እንዲወጣ ግድግዳዋ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን በጨርቅ ቁራጭ ብጠቀጥቀው ጭሱ አራሷን ሊፈጃት ነው፣ ጨርቁን ብነቅለው ነፋሱ ይገባል። ስጠቀጥቅ ስነቅል ሰነበትሁ።

አንድ ቀን ጥዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ምጡ አለቀና ጓሮው በእልልታ ተናጋ። ሴት ልጅ ናት። ማርያም ማረችሽ ልላት ስሮጥ የእንግዳው ክፍል በር ተከፈተና መርማሪው ካፖርታቸውን ደርበው ብቅ አሉ። እልልታው ለእሳቸው መስሏቸዋል! ባርኔጣቸውን አንሥተው ከጓሮ ለወጡት ሴቶች እጅ ነሡ፣ እንዲህ ያለ አቀባበል በየትም አገር አላየሁም አሉ። ሴቶቹም ደንግጠው እልልታውን ደገሙላቸው። እኔ የልጄን መወለድ በሰው ደስታ መሀል ተሹለክልኬ አየሁት።

ቀናት አለፉ፣ እንግዳው አልሄዱም። ከዚያ ሕፃኗ ሳለች። አንዲት ሳል ናት፣ ከድመት ማስነጠስ አትበልጥም፤ ግን ያቺን ሳል እኔ አውቃታለሁ። የሺ ቀና ብላ አየችኝ። የሚበቃኝን ታገስሁ፣ ዛሬስ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብዬ ወደ ሹሙ ልሮጥ ስል ጥጋቡ በሩ ላይ ተቀበለኝ።

ማድ ቤትህን ያለ ፈቃድ መኝታ አድርገሃል ተብሏል አለኝ። ማን አለ? አልሁት። እንግዳው ራሳቸው ናቸው፤ በጓሮ ሲወጡ አራሷን አዩ፣ ደንብ ነውና ለሹሙ ነገሯቸው፣ ዛሬውኑ ከዚያ ትውጣ አለ። ወዴት ትውጣ? ብዬ ጮህሁ። ወደ ክፍሏ ነዋ፣ እንግዳው ሲለቁላት፣ አለኝ። እኮ መቼ ነው የሚለቁላት?

ጥጋቡ መሬት መሬት አየ። ክፍሉን እጅግ ወደውታል አለኝ፤ ነፋስ ሽው አይልበትም፣ ደረቴ ብርድ አይችልምና ብርዱ እስኪያልፍ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብለዋል።