ዶክተር ምን ይከብዳል እና የእህቴ ዓሦች

በየቤተሰቡ ባለሙያ መጥራት ውርደት የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። የተበላሸውን መጀመሪያ እሱ ይነካካዋል። ከዚያ ባለሙያው ይመጣና ሁለቱንም ብልሽት፣ የዕቃውንም የሰውየውንም፣ ያስተካክላል። እኛ ቤት ያሉት የእህቴ ባል ናቸው።

ክቡርነታቸውን "ዶክተር ምን ይከብዳል" ብላ የሰየመቻቸው ራሷ እህቴ ናት። ማዕረጉ በትምህርት የተገኘ አይደለም። ምንም ነገር ሲበላሽ ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው መዘዝ ያደርጉና "ምን ይከብዳል?" ይላሉ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሲጠግኑ ውሃው በመታጠቢያ ቤቱ በኩል መጣ። የበሩን ደወል ሲያስተካክሉ ደወሉ ጎረቤት ቤት ይጮህ ጀመር። አንድ ወር ሙሉ እንግዳ እንደመጣብን የምናውቀው ጎረቤቲቱ በመስኮት ብቅ ብላ "የእናንተ ነው!" ስትለን ነበር። የእኔን ሶፋ ጠግነው ሲጨርሱ ደግሞ አራት ብሎን ተረፈ። "ፋብሪካው አብዝቶ ነው የሚልከው" አሉኝ አፋቸውን ሞልተው። ሶፋዬ ላይ የሚቀመጥ ሰው እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያዘነብላል።

የሁሉም ነገር መድኃኒታቸው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ነው። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የላላ መስኮት፣ የተገነጠለ የጫማ ሶል፣ አንድ ጊዜም የገዛ መነጽራቸውን በሱ አክመዋል። እስኪደርቅ የሚባል ነገር አያውቁም፤ "እየሠራ ይደርቃል" ነው መልሳቸው። እህቴ "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ብትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ከልክላቸው ነበር፤ ሳሎን ያለውን የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳዋን። "እዚህ ላይ እጅህን ብታሳርፍ ዓሦቼን ይዤ እናቴ ቤት ነው የምገባው" ትላቸው ነበር።

እህቴ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው፤ ቀልዱ አይመጣልኝም። እሱና እህቴ ልጅ አልነበራቸውም። ከእሷ በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ነጭ መስመር ያለባቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ሸርጣንና እሱ ናቸው።

ባለፈው ወር ልጠይቀው ስሄድ በገንዳው ቀኝ ማዕዘን፣ ሁለቱ መስታወቶች ከላይ ጠርዙ ጋ በሚገናኙበት፣ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ የጨው መስመር አየሁ። የድሮው ሲሊኮን ለቋል። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ገንዳው የተቀመጠበትን እንጨት አሳብጦታል። እንጨቱ አንድ ቀን ከተሰበረ ገንዳውም ዓሦቹም አለቀላቸው።

"ጋሼ፣ ባለሙያ ልጥራ?" አልኩት።

"ባለሙያ ገንዳውን ባዶ አድርጋችሁ አምጡልኝ ነው የሚለው። ትልቁ ዓሣ አርጅቷል፤ ከውሃው ከወጣ አይተርፍም። እሷ ናት የነገረችኝ።"

የተለመደችውን ቃል ጠበቅሁ። አላላትም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ሱቅ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየው የለመደውን ሲሊኮን አንስቶ ሰጠው። ጋሼ መነጽሩን አደረገና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ይህ ሰው መመሪያ ሲያነብ በሃያ ሁለት ዓመት አይቼው አላውቅም።

"ሻጋታ መከላከያ አለበት። ዓሣ ይገድላል" አለ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ስትወስደው ኖረህ ዛሬ ነው የምታነበው?" አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

"ዛሬ ነው" አለ ጋሼ። እሱ አልሳቀም። ለዓሣ ገንዳ የሚሆነውን፣ ምንም ያልተጨመረበትን፣ ሦስተኛው ሱቅ አገኘን።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁ። የቤቱን ባልዲዎች ሳሙና ነክቷቸዋል ብሎ አዲስ ባልዲዎች ገዝቷል። ውሃውን በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ዝቅ አደረገው። ማጣሪያው አየር እንዳይስብ ቧንቧውን ለጊዜው አስረዘመለት። ፍርፋሪ እንዳይገባባቸው ከውሃው በላይ ላስቲክ ወጠረ። መስኮቶቹን ከፈተ። ከዚያ አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ እየፋቀ፣ መስታወቱን አልኮል በነካ ጨርቅ እየጠረገ፣ በየመሀሉም ጎንበስ ብሎ ዓሦቹን እየቆጠረ ጠርዙን ዞረ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እስቲ ነይ እዪ።"

አየሁ። አሮጌው ሲሊኮን ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል፤ መስመሩ ሁሉ ይታያል።

"የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ ሲሊኮን ሸቶኝ ነበር፤ ለካ እዚህ ጋ ማፍሰስ ጀምሮ ነው። ራሷ ደፍናዋለች። አልነገረችኝም" አለ። "እንዳላሻሽለው ፈርታ ነው።"

ልንስቅ ሞከርን፤ አልሆነልንም።

"ይሄን አትንካው፤ በላዩ ላይ ቀባበትና ተወው" አልኩት።

"አዲሱ አሮጌው ላይ አይዝም። የሚያፈሰውም እዚሁ ጋ ነው።" ምላጩን ዘረጋልኝ። "አንቺ ቁረጪው። እኔ አልችልም።"

ምላጩን ተቀበልኩ። እንባዬ ላስቲኩ ላይ ዱብ ዱብ ሲል ደንግጬ ፊቴን ላዞር ስል ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። "አልቅሺ፣ ግድ የለም። ጨው ነው፤ አይጎዳቸውም።"

ሳይሰበር ላወጣው ነበር ሐሳቤ። ለሁለት ተቆረሰ። መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጥሞ ለማየት ሞከረና በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ አዲሱን ሲሊኮን ዙሪያውን ቀባ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ፣ "በይ፣ አንቺ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው" አለኝ። ጫንኩት።

ሰባት ቀን ጠበቀ። እኔ በአራተኛው ቀን ደርቋል፣ ሙላው ብዬ ብጨቀጭቀው "ገና ነው" እያለ ስልኩን ዘጋብኝ። በስምንተኛው ቀን ውሃውን በኩባያ በኩባያ መለሰው። በጠርዙ ዙሪያ ሶፍት አስጠግተን ብንጠብቅ፣ ደረቅ። ዓሦቹ ሦስቱም፣ ሸርጣኑም አሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዓሦቹን ላይ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምሄደው እሱን ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የጫንኩበት ቦታ ጎበጥ ብሎ፣ አሻራዬም በጣም ደምቆ ስላየሁት አፈርኩና፣ "በምላጭ ትንሽ ላስተካክለው እንዴ?" አልኩት።

እጄን ያዘኝ።

"ተይው፣ ይቀመጥ" አለኝ። "እሷም በአሻራዋ አለሁ ብላኝ ነበር።"