ኦቦ ሻፊ ፊልም አይጥሉም

በየከተማው ምንም ነገር የማይጥል አንድ ሰው አይጠፋም። ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ፣ በሩ የማይታወቅ ቁልፍ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ "አንድ ቀን ይፈለጋል" ተብሎ ይቀመጣል። ሮቤ የታደለችው ግን የሁሉንም አለቃ፣ ክቡር ኦቦ ሻፊን ነው። ዙቤዳ ደግሞ አግብታቸዋለች።

ስታገባቸው ፊልም አጣቢ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ለመታወቂያ ለሚመጣ ወንድ የሱቁን ኮት፣ ለሴት የሱቁን ሻርፕ ያውሳሉ። የጊኒር ከብት ነጋዴም የአጋርፋ ገበሬም በአንዱ ኮት ባለሥልጣን መስሎ ይወጣል። ዲጂታል ሲመጣ ሌሎች ፎቶ ቤቶች ፊልማቸውን ጣሉ፤ እሳቸው ኮምፒውተር ገዙ፣ ፊልሙን ግን አልነኩም። ቀስ በቀስ የሰውን ሠርግ፣ የነጋዴውን ውል፣ የአስተማሪውን ዲግሪ በዲስክ ያስቀምጡ ጀመር፤ አንዱ ኮፒ ሮቤ፣ ሌላው ጎባ። "ሻፊ ፎቶ" የሚለው ሰሌዳ ወረደና "ሻፊ የረጅም ጊዜ መረጃ ጥበቃ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር" ተሰቀለ። ሰሌዳው ከሱቁ ይሰፋል።

ፊልሙ ግን የዙቤዳን የእንግዳ ክፍል እስከ ጣሪያው ወረሰው። አልጋው በካርቶን መሃል እንደ እስረኛ ተቀርቅሮ ቀረ።

"ወደ ዲስክ አስገባውና ጣለው!"

"ገና መች ጨረስኩ? ደግሞ ዲስክ ይሞታል፤ ፊልም ይተኛል እንጂ አይሞትም።"

"የኔ እንግዶችስ የት ይተኙ?"

አረፋ ሲቃረብ፣ እህቶቿ ሊመጡ ነውና፣ ዙቤዳ ባለጋሪውን ዳቢሴን ጠራችው። ኦቦ ሻፊ ከመስጊድ ሲመለሱ ግማሹ ካርቶን ተጭኖ ነበር። አፋቸውን ሳይከፍቱ አንዲት ወጣት ቀደመቻቸው።

"አባባ፣ ፈርዶሳ እባላለሁ፤ ከሃረና ነኝ። እናቴ አራስ ሆና ነው የሞተችው። መታወቂያዋም በዝናብ ረጥቦ ፊቷ ተላጠ። መልኳን አላውቀውም። ፎቶውን እዚህ ነው የተነሳችው ይላሉ።"

"ስሟ ማነው?" አለች ዙቤዳ ወደ ኮምፒውተሩ እየሄደች። መብራት የለም።

ኦቦ ሻፊ ስም አልጠየቁም። "ምን ለብሳ?"

"አክስቴ አበባ ያለበት የሱቅ ሻርፕ ነበር ትላለች።"

"ከአረንጓዴው ሻርፕ ቀጥሎ የመጣው!" አሉና ወደ ጋሪው ሮጡ። ካርቶኖቹ የተደረደሩት በኮትና በሻርፕ ዘመን ነው። የተነሳበትን ዓመት ማን ያስታውሳል? ተውሶ የለበሰውን ግን ማንም አይረሳም።

ከአንዱ ካርቶን ፊልም አውጥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት። ፊልም ቀለም ይገለብጣልና ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸው የነጣ፣ አንድ ሻርፕ የለበሱ ሴቶች አለፉ። ፈርዶሳ ድንገት የኦቦ ሻፊን እጅ ያዘች።

"ይህቺ! ቅንድቧን አዩት?"

ዙቤዳ ተጠግታ አየች። በዚያ ጥቁር ፊት ላይ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ብሏል፤ ቀና ስትል ያው ቅንድብ ፈርዶሳ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ሻፊ የፊልሙን መያዣ ገልብጠው አነበቡ፦ "ሞሚና፣ ሃረና።"

"ያ ረቢ!" አለች ዙቤዳ። ያለ መብራት፣ ያለ ማሽን፣ በፀሐይ ብቻ አንዲት ልጅ እናቷን ታያለች። ዙቤዳ ደግሞ ይህንን ወደ ቆሻሻ እያስጫነች ነበር።

"እንዴት ነው እቴ?" አለ ዳቢሴ። "ልሂድ ወይስ ልጫን? ፈረሱ ደከመው።"

"ካርቶኖቹን መልስ፤ አልጋውን ጫን" አለች ዙቤዳ።

"አልጋውን? እንግዶቹስ?"

"ጎረቤት ያድራሉ። አልጋ ገበያ ሞልቷል።"