ልጅ አምጣ

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። እኔ ግን ሌሊቱን ያየሁትን ካየሁ በኋላ ሳምንቱን ቁጭ ብዬ ባድር አይከፋኝም።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ሥራዬን ልንገራችሁ። ጥላዬ እባላለሁ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ። ተማሪዎቹ ያወጡልኝ ሌላ ስም አለ፣ እሱን ተዉት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስልክ ስነጥቅ ኖሬአለሁ። ከካልሲ ውስጥ አውጥቻለሁ፣ ከዳቦ ውስጥ አውጥቻለሁ፣ አንዴማ ምንም ካልሆነ ክንድ ላይ ከተጠቀለለ ጄሶ ውስጥ አውጥቻለሁ። ከዚያ የምለው ያው ነው፤ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትመጣ!»

ያመጣሉ። ግማሾቹ የሚያመጡት ወላጅ ግን ከታክሲ ተራ የተከራዩት ነው። እኔ ዘንድ ይሄ አይሠራም፣ ገና ከበር ሲገቡ እለያቸዋለሁ። እውነተኛ አባት ሲገባ ሰዓቱን ያያል። የተከራየ አባት ልጁን ያያል። ይህችን ዘዴ ለአዲስ መምህራን ሁሉ አስተምሬአለሁ።

በሕልሜ ጠዋት ሥራ ስገባ ወላጆች ዩኒፎርም ለብሰው በር ላይ ተሰልፈዋል። መላጣ ሰዎች ሆዳቸውን አልሸፍን ያለውን ሹራብ ወደ ታች ይጎትታሉ። አንዲት ሴትዮ የቤት ሥራዋን አጥር ተደግፋ ከጎረቤቷ ትገለብጣለች። በሩ ላይ የቆመው ያብስራ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስልኩን የወሰድኩበት የአሥረኛ ቢ ተማሪ። የእኔን ጋዋን ለብሷል፣ ልኩ ነበር።

«አንተ! ና እስቲ ወዲህ!» አለኝ።

«አቤት ጋሼ» አልኩ። እዚያ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ትልቁ ትንሹን አንቱ ይላል፣ ማንም አይገርመውም።

«ካልሲህን አውልቅ።»

አወለቅኩ። ከግራው አንድ ስልክ አወጣ። ከቀኙ ሌላ አወጣ። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና የቢሮዬን የመስመር ስልክ ከነገመዱ ጎትቶ አወጣው። ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ ለሥራ ነው» አልኩ።

«ሁላችሁም ለሥራ ነው የምትሉት።» ደብተሩን ገለጠና ክሴን አነበበ። «ማክሰኞ እራት ላይ ልጅህ አራት ጊዜ አባዬ ብላሃለች። አራት ጊዜ እ ብለሃል። ቀና አላልክም።»

«የወላጆች ግሩፕ ላይ እየጻፍኩ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስልክ በልጆች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት።»

«ስንት ላይክ አገኘህ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

ያብስራ ራሱን ነቀነቀ። የደከመው ይመስላል፣ እኔ እንደሚደክመኝ። «ልጅ ሳታመጣ እንዳትመጣ!» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ልለምነው አፌን ስከፍት ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። የምታስተምረን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት።

«መጽሐፍ አውጡ!» አለችን።

«እትዬ፣ መጽሐፉ አልታተመም» አላት አንድ አባት። «ስልክ ላይ ነው የላኩልን።»

«ስልክ ክልክል ነው። መጽሐፍ አውጡ!»

ሁላችንም ባዶ ዴስክ ላይ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ይህን ነገር ሌላ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ። ትዝ ሲለኝ የተናገርኩት እኔው ነኝ፣ ባለፈው ሰኞ፣ ለዘጠነኛ ክፍሎች። አንገቴን ደፋሁ።

ጥቁር ሰሌዳውን ገፋ ሳደርገው ወደ ቤቴ አስገባኝ። ልጄን ኤፍራታን ይዤ ልመለስ ነው የመጣሁት። ኤፍራታ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። ወንበሯ ባዶ ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል። ከስልኩ ውስጥ ሁለት እጆች እስከ ክርናቸው ወጥተው ማበጠሪያ ይዘዋል። የባለቤቴ የአስካለ እጆች ናቸው። አስካለ ኩዌት ከሄደች አምስት ዓመቷ ነው።

«ግማሹን ሠርቼላት ነበር» አለች አስካለ ከውስጥ። «ተነሥታ ሄደች።»

«ወዴት?»

«አባቷን ፍለጋ።»

«እዚሁ ነበርኩ እኮ!»

«ከኩዌት የእኔ እጅ ፀጉሯ ላይ ደረሰ፣ ጥላዬ። አንተ እኮ አጠገቧ ነህ።»

ይህን እንዳለች ኔትወርኩ ተቋረጠ። እጆቹ ማበጠሪያውን እንደያዙ አየር ላይ ደርቀው ቀሩ። አስካለ በሄደች ሰሞን ለኤፍራታ ያንን ስልክ የገዛሁላት እኔ ነኝ፣ እናትና ልጅ እንዲተያዩ ብዬ። እነሱ ሲያወሩ እኔም የራሴን ይዤ ጥጌን እይዛለሁ።

ለኤፍራታ ደወልኩ። አንዲት የሴት ድምፅ በትሕትና መለሰችልኝ፤ «የደወሉላት ልጅ በአሁኑ ሰዓት አባት ማስተናገድ አትችልም። እባክዎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግመው ይሞክሩ።»

ምን ላድርግ? ታክሲ ተራ ሄድኩ። ልጆች ተሰልፈዋል፣ አንዱ ጎረምሳ እየተጣራ ያከራያቸዋል። «ልጅ! ልጅ! የሚያለቅስ አለ! የሚታዘዝ አለ! አንድ ሰው የቀረው!»

ጉንጯ ክብ የሆነ አንዲት ልጅ መረጥኩ።

«ክፍያዬ አሥር ደቂቃ ማዳመጥ ነው» አለችኝ።

«አሥር? ተወደድሽ!»

ተከራክሬ ወደ ሦስት አወረድኳት። እሱንም ሥራው ሲያልቅ እከፍልሻለሁ አልኳት። አንጀቴን በላችው፣ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተቀመጠው የእኔ ቢሮ ውስጥ ነው። መሳቢያዬ ተከፍቷል፣ የነጠቅኳቸው ስልኮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ። «ልጄ፣ ደረስክ ወይ?» ይላል አንዱ። «ፎቶሽን አይቶ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብሽ ዋለ» ይላል ሌላው። «ለፈተናው ሦስተኛውን ጥያቄ እንዲህ ነው የምትሠሪው» ይላል ሦስተኛው። «አድራሻሽን ላኪልኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ይላል አራተኛው። መልካሙን ለይቼ ላንሳ፣ ክፉውን ለይቼ ልዝጋ ብዬ እጄን ሰደድኩ፣ መለየት አቃተኝ። ለካ ሁሉንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ስቆልፍ የኖርኩት።

የኮሚቴዋ ሰብሳቢ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል።

«ልጅህን አምጥተሃል?» አለች ሳትዞር።

«አዎ እትዬ።»

የተከራየኋት ልጅ ወደ ፊት ወጣች። «አባቴ ጥሩ ሰው ነው» አለች በጥሩ ድምፅ። «ሲደክመው ብቻ ነው።»

«መቼ መቼ ይደክመዋል?»

«ሁልጊዜ።»

ሰብሳቢዋ ዞረች። ኤፍራታ ናት። የናቷን ዓይን ይዛ እያየችኝ «ይህች ልጅህ ናት?» አለችኝ።

ውጭ ተማሪዎቼ በመስኮት ተደርድረው ይመለከታሉ። አጭበረበረ ሊባል ነው፣ ያውም ጥላዬ! ዓይኔን በጨው አጥቤ «ናት» አልኩ።

«እኔስ?»

«እርስዎን... አላውቅዎትም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና በቀጭን ድምፅ «አባዬ» አለችኝ።

«እ» አልኩ።

«አባዬ!»

«እ!» ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ነግቷል። ኤፍራታ ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች፣ የሚጮኸውን ስልኬን ይዛ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከትምህርት ቤቴ ነው» አለችኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ናቸው። «አቶ ጥላዬ፣ እንደምን አደሩ? ድምፅዎ ተለወጠብኝ፣ ጉንፋን ነው? ስለ ትናንቱ ላመሰግንዎት ነው የደወልኩት። እርስዎ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ፣ በልጅዎ ስም አካውንት ከፍተው መምህራንን ሲሰድቡ የነበሩትን ልጆች ደርሰንባቸዋል። እኔ በሃያ ዓመት እንደ እርስዎ ያለ አባት አላየሁም። ልጅቷን እጇን ይዘው እስክትጨርስ ሲያዳምጧት መምህራኑ ሁሉ አለቀሱ እኮ! የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንዲሆኑ በአንድ ድምፅ መርጠንዎታል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ፣ እንዳይቀሩ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ትናንት ቀኑን ሙሉ እኔ የራሴ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ካልሲ ስፈትሽ ነው የዋልኩት።

ስልኩን ዘጋሁት። «ማንን ነው የወሰድሽው?»

«ጋሽ መርዕድን።»

«ጫማ ሰፊውን? እታች መንገድ ያለውን?»

መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። «ማክሰኞ ልነግርህ ነበር። በማግሥቱ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትመጪ አሉኝ። ለእማዬ እንዳልነግራት፣ ሰው አገር ሆና ምን ላስጨንቃት?»

«ስንት ከፈልሽው?»

«አልቀበልም አሉ። ‹ምን ሆነሽ ነው ልጄ?› አሉኝ፣ ነገርኳቸው።»

እንባዬ መጣብኝ፣ ዋጥኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሰዓቴን አየሁ፤ በር ላይ መቆሚያዬ ደርሷል።

«ቅዳሜ እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አልኳት። «ቁርጥ ነው። እኔ ነኝ አባትሽ።»

ኤፍራታ ደነገጠች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«አባዬ በናትህ፣ እንዳትመጣ!» አለችኝ። «አንተ ከመጣህማ የውሸት አባት አመጣች ብለው ያባርሩኛል።»